ባንድ ትእዛዝ የተሠራች እናት

ዘንዘልማ፣ ባሕር ዳር
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፀደንያ፣ ጎተንበርግ፣ ስዊድን፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ቤትሽስ? እቴ የብርጓልስ እንዴት አለች? እኔ ጉልበቴ ከመክዳቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ሥላሴ ይመስገኑ። በሰው አገር የሰው ፊት አያሳጣሽ፤ የወጣሽበትን በር ጠብቆ ያቆይልሽ።

ይህንን የምትጽፍልኝ የልጄ ሚስት የሺአረግ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፈርሁበትምም። ያልሁትን እንዳልሁት ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ። ስትጨርስ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ኔትወርኩ የፈቀደ ዕለት ማለቴ ነው። «ለምን በስልክ አናወራም» ትያለሽ። በስልክማ የብርጓል ታለቅሳለች፣ እኔ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ፣ ከዚያ ይቆረጣል። ደብዳቤውን ግን አጠገቧ ተቀምጠሽ ታነቢላታለሽ፤ ካላማራት ደግመሽ ታነቢላታለሽ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የላክሽው ፊልም ደርሷል። «እናታችሁ እናንተን ይዛ ከደልጊ በታንኳ ወደ ደቅ ደሴት፣ ለጥር ሥላሴ ንግሥ ስትሻገር» ነው አልሽኝ። ጎሽ። አሁን ያየሁትን ልንገርሽ። ታንኳው የጣውላ ነው። አባታችን አስናቀ ጣውላ ነክቶ አያውቅም፤ ታንኳውን ሐይቁ ዳር በሚበቅለው በደንገል ነበር የሚያስረው። ዳርቻው ላይ ዘንባባ ቆሟል። ደልጊ ላይ ዘንባባ! ውሃው ላይ ደግሞ ሐምራዊ አበባ ተኝቷል። ልጄ፣ ይኸ እኮ እምቦጭ ነው! እምቦጭ ትናንት መጥቶ ሐይቃችንን ያነቀ አረም ነው። እናታችን ስሙንም ሳትሰማ ነው የሞተች።

ይህንንስ ይሁን ብዬ እተወው ነበር። እናታችሁ ናት ያልሽኝ ሴት ግን ማን ናት? ቆንጆ ናት፣ አልካድሁም። አንገቷ ላይ ወርቅ አለ። ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። እናታችን ታንኳ ላይ ስትስቅ ያየ ሰው የለም፤ ውሃ ትፈራ ነበር።

ይባስ ብሎ የብርጓል ይህችን ሴት አይታ «እማዬ!» ብላ ስክሪኑን ሳመችው ብለሽ ደስ ብሎሽ ጻፍሽልኝ። እናታችን አንድም ፎቶ የላትም። ታውቂያለሽ። የእህቴ ዓይን እየደከመ ነው ትይኛለሽ። ታዲያ ማየት ሲቸግራት ይዛው የምትቀረው ፊት የማን ሊሆን ነው? የማናውቃት ሴት ፊት?

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው፤ ባንድ ትእዛዝ ይሠራዋል» ብላ የሺአረግ አስረድታኛለች። እንግዲያ ማዘዙን አልቻልሽበትም። ሰው ሲያዝ አሟልቶ፣ ረጋ ብሎ፣ አንዴ ነው የሚያዝ። እኔ ልዘዘው። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ስጪው፦

«እንደምን ሰነበትህ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። እኔ የደልጊው ገድሉ ነኝ። የደንገል ታንኳ ሥራልኝ። አባታችን ከኋላ ሆኖ ይቅዘፍ። እናታችን፣ ነፍሷን ከአብርሃም አጠገብ ያኑርልንና፣ መሃል ላይ ትቀመጥ። እኔና የብርጓልም አብረን እንሁን። ጉማሬ አይምጣብን። ቶሎ አድርስልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እስቲ አሁን ደግሞ ዘንባባ ያምጣ እንደሆን እናያለን።

አጎትሽ ገድሉ አስናቀ

*

ጎተንበርግ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ ገድሉ፤

እንደምን አሉ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነን። ለየሺአረግም ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ ጽሕፈቷ ሲያምር።

ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት። «ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፈርሁበትምም» የሚለው ጋ ስደርስ «ይኸው ገድሉ መጣ!» ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆየሁ።

ትእዛዝዎን ሳልጨምር ሳልቀንስ ሰጠሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝና የመጣው እንዲህ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ክንፉን ዘርግቶ ታንኳው አፍንጫ ላይ ተቀምጧል። ከእናታችሁ አጠገብ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ አሉ፤ አብርሃም መሆናቸው ነው። ጉማሬውም መጥቷል። «አይምጣብን» ማለትዎን አይሰማም፤ ስሙን ከጠሩት ያመጣዋል። እማዬ ስነግራት «ይህን ሁሉ ሰው የጫነ ታንኳ እንኳን ደቅ፣ ከደልጊም አይነሣ» አለች።

አጎቴ፣ ማዘዙን ስላልቻሉበት አይደለም። መንገዱ ነው እንዲህ ያለው። የምሠራበት ድርጅት አጫጭር ፊልም ለማስታወቂያ ስለሚሠራ በየቀኑ የምጨቃጨቅበት ነገር ነው። አንደኛው መንገድ ባንድ ትእዛዝ ነው፤ ፊቱን፣ ታንኳውን፣ ውሃውን፣ ድምፁን ባንድ ላይ ይሠራል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ነገር ግን ትናንት «ታንኳውን ብቻ አስተካክል» አልኩት። ታንኳው ደንገል ሆነ፤ እናታችሁ ግን ሌላ ሴት ሆነች፣ ልጆቹም ሦስት ሆኑ። አንድ ነገር ሲነኩበት ሁሉንም አፍርሶ ከመጀመሪያው ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው መንገድ በየደረጃው ነው። ዳርቻው ብቻውን ይሣላል፤ እርስዎ አይተው «ይለፍ» ካሉ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ቀጥሎ ታንኳው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው። ሥዕሉ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንቅስቃሴ የሚሰጠው፤ ድምፅ መጨረሻ ላይ ይገባል። አንዱ ቢበላሽ ያንን አንዱን ብቻ ማረም ነው። ችግሩ ይቆያል። በየደረጃው የእርስዎ ቃል ያስፈልገኛል፤ ኔትወርካችሁን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል።

እማዬ ጊዜ የላትም። የሚጠፋው የዓይኗ መሃል ነው። ዳር ዳሩን ታያለች፤ ፊት ግን አይታያትም። እኔን የምትለየኝ በድምፄ ነው። ሐኪሟ ከፋሲካ በኋላ ፊልም ለማየቷ ቃል አልገባም አለኝ። ያችን የመጀመሪያዋን ፊልም ደግሞ ጠዋት ጠዋት «እማዬን አምጪልኝ» እያለች ታስከፍተኛለች። ደስ ይላታል፣ አጎቴ። እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው።

እንግዲህ ይምረጡልኝ። ያችን ልተውላት? ወይስ ልንደርስም ላንደርስም እንችላለን ብለን በየደረጃው እንጀምር?

የእህትዎ ልጅ ፀደንያ

*

ዘንዘልማ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀደንያ፤

እንዴት ከርመሽ ነው? የሥላሴ ጥበቃ አይለይሽ፤ እጅሽንም ያበርታው።

አብርሃም መጣ አልሽ? ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ሥራና ሰላምታ የማይለይ አገልጋይ አይቼ አላውቅም። ጉማሬውንስ ተይው። የሺአረግ እየጻፈች ትስቃለች፤ አትሳቂ ብያታለሁ።

በየደረጃው አድርጊው። ታንኳም ባንድ ጀምበር አይታሰርም፤ አባታችን ደንገሉን ቆርጦ፣ አድርቆ፣ እቅፍ እቅፉን አስሮ ነው ውሃ የሚያስነካው። ስለ ዓይኗ የጻፍሽውን ቦታ የሺአረግ ድጋሚ እንዳታነብልኝ ነግሬያታለሁ። አንቺም አትጻፊልኝ። ሥራሽን ሥሪ።

ዳርቻው እንዲህ ነው። ደልጊ ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ልብስ የሚታጠብበት ለጥ ያለ አለት አለ። በጥር ውሃው ወደኋላ ይሸሻል፣ ጭቃው ላይ የወፍ እግር ይታተማል። ከጀርባ የታጨደ ጤፍ አለ፣ ክምር ነው። አንዲት ሾላ አለች። ሌላ ዛፍ አትጨምሪ።

ታንኳው አረንጓዴ አይደለም፤ ደርቆ የገለባ መልክ ይይዛል። አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ከውሃው ከፍ ብሎ አይደለም የሚሄድ፤ ተኝቶ ነው። ከሩቅ ያየ ሰው፣ ሰዎች ውሃ ላይ ቁጭ ብለው የሚሄዱ ይመስለዋል። ሲወዛወዝ የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣል። ሽታ የሚያመጣ ማሽን አልሠሩም እንጂ የብርጓል እሱን ቢያሸቷት ዓይንም ባላስፈለጋት ነበር።

አባታችን ጥቁር፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ነው። ቀርከሃውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያለ ይቀዝፋል። አይናገርም።

እናታችን ቀጭን ናት። ፀጉሯ ነጭ ነው፣ ሻሽ ታስርበታለች። ከላይ አንድ ጥርስ የላትም። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። ጉንጯ ገባ ያለ ነው። ይህንን ፊት እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው፤ ዓይኗን የጨፈንሁላትም እኔው ነኝ። ማንንም እንዳትጠይቂ።

አጎትሽ ገድሉ

*

ጎተንበርግ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንኳን ለጥር ሥላሴ በሰላም አደረሰዎ፤ ለከርሞም ያድርስዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። የላክኩልዎትን ሥዕሎች አይተው ለየሺአረግ «ይለፍ» ማለትዎን ባለፈው ሳምንት ነው የሰማሁት።

ዳርቻው አልፏል። እማዬ ሥዕሉን በዳር ዓይኗ ስታየው ቆይታ «አለቱን ትንሽ ወደ ሾላዋ አስጠጊው፤ እዚያ ላይ ነው ተንሸራትቼ የወደቅሁት» አለች። አስጠጋሁት። ሌላው ንቅንቅ አላለም። ታንኳውም አልፏል። አባታችሁን ሳሳያት ትከሻቸውን አይታ «አባዬ ነው» አለች።

ከዚያ ያሉኝን ፊት ሣልኩ። በትልቅ ወረቀት አሳተምኩት፣ አስጠግታ እንድታየው። ወዲያ ወዲህ አዘንብላ አየችውና «ይህች ደግሞ ማን ናት?» አለች።

«እናትሽ ናት። አጎቴ ናቸው የነገሩኝ» አልኳት።

«ወግጂ! የገድሉ አማት ናት እንጂ! እማዬ ምን ሽበት አላት? ጥርሷስ የት ሄደ? ቆሎ ስትቆረጥም ከጎረቤት ይሰማ የነበረ ጥርስ!»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ገፍታ «ያችኛዋን መልሺልኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥዕል ላሳይሽ ስላት እሺ አትለኝም።

አጎቴ፣ ያኔ የገባኝን ልንገርዎት። እማዬ ተድራ ስትሄድ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ እናቷን አላየችም። የሷ እናት የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። የእርስዎ እናት እጅዎ ላይ ያረፉት አሮጊት ናቸው። እኔ አሁን የማንን እናት ልሥራ? ባንድ ትእዛዝ የሠራሁት ጊዜ ይህ ጭንቀት አልነበረብኝም። እሱ ማንንም አይጠይቅም። በየደረጃው ሲሆን ግን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሰው ይጠይቃል።

ዓይኗን አትጻፊልኝ ብለዋል፤ አልጻፍኩም። ቢፈጥኑልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ። ወይ የወጣትነት ፊታቸውን ይንገሩኝ፣ ወይ ያችኛዋን ልተውላት።

ፀደንያ

*

ዘንዘልማ
የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀደንያ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

አማቴን አታንሺብኝ፣ ነፍሷን ይማር። እናቴን ያስታመምሁ እኔ። ውሃ ያጠጣሁ እኔ። የቀበርሁ እኔ። የብርጓል ባል አግብታ፣ ከተማ ለከተማ ስትዞር፣ ባሕር ተሻግራ ስትሄድ፣ እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ «ዛሬስ ትመጣ ይሆን» ስትል ፊቷን ያየሁ እኔ። ጥርሷ መቼ እንደወለቀ የብርጓል በየት ታውቃለች?

ያልሁሽ ፊት ነው። አልለውጥም።

ገድሉ

*ፀደንያ፣ እኔ የሺአረግ ነኝ። አባባ ሳያስነብቡኝ ተነሥተው ስለወጡ ነው ይህን የምጨምረው። ደብዳቤሽን ካነበብኩላቸው ጀምሮ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው «አንቺ፣ እናትሽ ወጣት እያለች ታስታውሻታለሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «እንዴት ነበረች?» አሉኝ። ልነግራቸው ስል ግን «ተይው፣ ተይው» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። ትንሽ ታገሻቸው። እልኸኛ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም።*

*

ዘንዘልማ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፀደንያ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ የትንሣኤውን ብርሃን ለቤትሽ ሁሉ ያሳየው።

ያለፈውን ደብዳቤ ለየብርጓል አንብበሽላት ከሆነ አንብበሽላታል። ካላነበብሽላት አታንብቢላት።

ትናንት ባጃጅ ተሳፍሬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ዘንዘልማ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ከደጃችን ውሃ አይታይም። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች የሚቆሙበት ጋ ሄጄ ተቀመጥሁ። የብርጓል ያለችውን እናት ልፈልጋት ነው የሄድሁ፤ ባጃጅ ነጂው «ምን ሊያደርጉ ነው አባቴ?» ሲለኝ ግን «አሣ ልገዛ» አልሁት።

ዓይኔን ጨፈንሁ። ነጩን ፀጉር አነሣሁ፣ ጥቁር አደረግሁበት። ያችው አሮጊት ጥቁር ሻሽ አድርጋ መጣች። ጥርሷን መለስሁላት። ጥርስ ያላት አሮጊት ሆነች። እንደ ማሽንሽ ሆንሁ፤ አንዱን ስነካ ሌላው ይፈርስብኛል። የሠላሳ ዓመት እናት አላገኘሁም። የለችኝም፣ ፀደንያ። የኋለኛዋ ሸፍናታለች።

እንዲህ እንዳለሁ አንድ የደንገል ታንኳ መጣ። እናት ተቀምጣለች፣ ልጇ ከኋላዋ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ታንኳ ላይ ልጅ ከእናቱ ፊት አይቀመጥም። ውሃውን አይቶ እንዳያዘነብል ከጀርባዋ ይደረጋል፤ መቀነቷን ይይዛል። ጎህ ሲቀድ ከደልጊ ተነሥተን ደቅ እስክንደርስ እኔና የብርጓል የምናየው ጀርባዋን ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሹሩባዋ ጫፍ አንገቷ ላይ ወርዶ። ማዕበል ሲመታን ትከሻዋ ከፍ ይላል። ወደኋላ አትዞርም፤ ትፈራለቻ። ሳትዞር «ያዛችሁኝ?» ትለናለች። «ይዘንሻል!» እንላለን። እኔ እኛን ስትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ይዘናት የነበርን ግን እኛ ነን።

ጀርባዋን እኔ አውቀዋለሁ። የብርጓልም ታውቀዋለች። አንዳችን ባንዳችን ላይ የምንጨምረው የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ካሜራው ከአባታችን ትከሻ ጎን፣ ከእኛ ከልጆቹ ኋላ ይሁን። እናታችን ከፊታችን ትቀመጥ። ፊቷን አትሥሪ። የእኔንም የብርጓልንም ፊት ለማሽኑ አትስጪው፤ እኔ የኔን ይዣለሁ፣ እሷም የራሷን ይዛለች። ብቻ እንዳትዞር ጠብቂልኝ። ከዞረች የሌላ ሰው ፊት ይዛ ነው የምትዞር። ድምፅም አትስጪያት። ውሃው ብቻ ይሰማ።

ለእህቴም ስለ ሽበቱ ልክ ነሽ ብሏል በያት። አንድ ጊዜ ብቻ በያት።

አጎትሽ ገድሉ

*

ጎተንበርግ
መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ አልከበደዎትም?

ደርሷል። እንዳሉት ነው የሠራሁት። ዳርቻው፣ ታንኳውና አባታችሁ እንደተቆለፉ ናቸው። የእናታችሁን ጀርባ ብቻ እንደ አዲስ ሣልኩ፤ ነጠላውን፣ ሹሩባውን፣ መቀነቱን። እማዬ መቀነቱን አይታ «ጠበቅ በይበት፤ ጎተት እናደርገው ነበር» አለች። አጠበቅኩት። የቸገረኝ እንቅስቃሴው ነው። ማሽኑ ጀርባ አይወድም፤ ሴትየዋ ሁልጊዜ ልትዞር ትላለች። በዞረች ቁጥር እየጣልኩ፣ እየጣልኩ፣ በመጨረሻ ሳትዞር የሄደችውን አገኘሁ።

ትናንት ከቅዳሴ ስንመለስ አሳየኋት። ወንበሯን ግድግዳው ላይ ወዳለው ስክሪን አስጠጋሁላት። እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር አድርጋ በዳር ዓይኗ ማየት ጀመረች። «እማዬ» አላለችም። ስክሪኑንም አልሳመችም። አበላሸሁት ብዬ ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ገና ነን» አለችኝ።

ጥቂት ቆይታ ጎንበስ አለችና ጣቷን ከታች፣ ልጆቹ የተቀመጡበት ጋ አደረገች። ከዚያ በቁጣ፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ሰምቻት አላውቅም፣ «ኧረ ታንኳው ውሃ ይዟል! የእማዬ መቀነት ሊርስ ነው! ያ ገድሉ ተኝቷል፤ በይ ንገሪው፣ ቅሉን አንሥቶ ይጨልፍ!» አለች።

«እማዬ፣ ውሃ እኮ የለም» አልኳት።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እሱ ያውቃል፤ ለሱ ንገሪው» አለችኝ።

ይኸው ነገርኩዎት። ያችኛዋን ፊልም ዛሬ ጠዋት አልጠየቀችኝም።

ፀደንያ

*

ዘንዘልማ
መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለየብርጓል አስናቀ፤

እታለሜ፣ እንዴት ነሽ? ይህንን ልጅሽ ታንብብልሽ እንጂ ቃሉ ላንቺ ነው። የሥላሴ እጅ ከላይሽ አይነሣ።

ልጅሽ ነገሩ አልገባትም። በይ አስረጃት። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ መሃል መንገድ ላይ ሲደርስ ከሥር ይመጣል፣ ቅል ይዞ እየጨለፈ የሚደፋ ልጅ ያስፈልጋል። እሱ የኔ ሥራ ነበር። ፀሐዩ ሲሞቀኝ እተኛለሁ፣ አንቺ በክርንሽ ትጎስሚኛለሽ፣ እናታችን ሳትዞር «ምንድን ነው?» ትላለች፣ አንቺ «ምንም» ትያለሽ። አንድ ቀን እንኳ አላሳጣሽኝም።

ጎኔን ዛሬም ይሰማኛል፤ ክርንሽ ስለት ነበር።

አሁን አልተኛሁም። ቅሉን ይዣለሁ። አንቺ መቀነቷን ያዢ፣ ወደፊት ብቻ እዪ፤ ውሃውን ለኔ ተዪው። እየጨለፍሁ ነው።

ወንድምሽ ገድሉ